ከብቱስ ደህና ነው?

ውድ አንባቢያን፣ እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹስ፣ ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ? ሰላምታዬን ዛሬ ያስረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በምኖርበት በቡሌ ሆራ፣ በቀድሞው ሀገረ ማርያም ማለቴ ነው፣ ሰላምታ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ወደ ቆላው በወረዳችሁ ቁጥር ደግሞ ይረዝማል። የሞያሌን መንገድ ይዛችሁ፣ ፊንጫዋንና ሱሩፓን አልፋችሁ ወደ ያቤሎ ስትቃረቡ ቡናውና እንሰቱ ይቀርና ቀይ አፈርና ግራር ይተካል። ሰላምታውም አብሮ ይለወጣል። «ነጋ?» ይላችኋል ቦረናው። ሰላም ነው? ሰዉ ሰላም ነው? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ከብቱ ሰላም ነው? ሣሩ፣ ውኃው ሰላም ነው? ለሁሉም «ነጋ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ቤት ውስጥ የታመመ ቢኖር እንኳ በመጀመሪያ «ነጋ» ነው፤ ወሬው ቀስ ብሎ ይከተላል።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ አገር ስመጣ ይህ የከብቱ ጥያቄ ያስቀኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ቆላ ለአገልግሎት በወረደ ቁጥር ሳይረሳ ይጠይቃል፤ እየቆየ እኔም ለመድኩት። በጥር 2015 ዓ.ም. ይኸው የለመድኩት ጥያቄ አሳፈረኝ።

ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት ጋር ሆነን በአንድ ኢሱዙ ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ጭነን ወደ ዱብሉቅ ወርደን ነበር። ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቿና በከብት ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። እነዚያን ጉድጓዶች ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው የሚያወጡት። በዚያ ወር ግን በከተማዋ ዳር ዓይን እስኪደክም ድረስ የሚታየው በሸራና በአሮጌ ጨርቅ የተሸፈነ ጎጆ ብቻ ነበር። ከብታቸው አልቆባቸው ከየመንደሩ ተሰባስበው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

በአንዱ ጎጆ ደጃፍ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከስልሳ አያንስም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ልጆቹ ደህና ናቸው? «ነጋ» አሉኝ። የልጅ ልጆችስ? «ነጋ።» ከብቱስ ደህና ነው?

ዝም አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። አብሮን የነበረው ወጣት መንገድ መሪ ክንዴን ነካ አደረገና «እቴቴ፣ እዚህ ሰፈር ይህን ማንም አይጠይቅም» አለኝ ቀስ ብሎ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወዴት እንደማይ ጠፍቶኝ ዓይኔ ወደ ጎጆው ውስጥ ሲገባ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለ ጪጮ አየሁ። ጪጮ የቦረና ሴት የወተት ዕቃ ነው። ከተክል ቃጫ ጠብቆ ይሰፋል፣ በጭስ ይታጠናል፣ የቤቱ እመቤት ሙያ የሚታይበት ዕቃ ነው። የእኚህ እናት ጪጮ አቧራ ለብሶ አፉ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከመንደራቸው ሲወጡ ብዙ ነገር ጥለው እርሱን ግን ይዘውት መጥተዋል።

ነገሩን ለማታውቁት አንባቢያን ላስረዳ። ቦረና በዓመት ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» ነው፤ (የልደትን በዓል ማለታቸው እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ተሳስቼ ስቀውብኛል) ሁለተኛው ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚመጣው «ሃገያ» ነው። በ2013 ዓ.ም. ሃገያው ቀረ። በዚያው ዓመት ገናውም ቀረ። በ2014 ሁለቱም ሳይበረቱ አለፉ። በ2015 መጀመሪያም ሃገያው ቀረ። አምስት ወቅት በተከታታይ! በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። የአየር ጠባይ አዋቂዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ለሦስት ዓመት ያህል ቀዝቅዞ በመቆየቱ፣ ላኒና የሚሉት ማለት ነው፣ ወደ እኛ የሚመጣው ዝናብ ራቀ ይላሉ። የቦረና ዞን አስተዳደር በ2015 ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት መሞታቸውን አስታውቋል። ቁጥሩን ስንሰማ እናዝናለን፣ ከዚያ ይረሳናል። እኔ የማልረሳው ከሱሩፓ በታች በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረውን አጥንትና ሽታ ነው።

ድርቅ አደጋ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስን ከተማ ሲመታ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ጣሪያ ሲነቀል፣ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲጣራ አየን። የእኛው ድርቅ ግን ድምፅ የለውም፤ የጀመረበት ቀን እንኳ አይታወቅም። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በኒው ኦርሊንስ ውኃው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተጠርጎ ወጣ፤ የነዋሪው ቁጥር ግን ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላም ወደ ድሮው አልተመለሰም። በዚያ ባለጠጋ አገር እንዲህ ከሆነ፣ የእኛው ሰው ዝናብ በዘነበ ማግሥት ተነሥቶ እንዲራመድ መጠበቃችን ከምን የመጣ ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ እኛ ጠብቀናል። በመጋቢት 2015 ዝናቡ ጣለ ሲባል በቤተ ክርስቲያናችን እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የምስጋና ፕሮግራም አደረግን። በዚያው ሰሞን ለቦረና የምንሰበስብበት ሣጥን ከበሩ አጠገብ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አልጠየቅሁም፤ እኔም አላስመለስኩትም። ሌሎቹም ቦታዎች እንዲሁ ሆነ። በጥርና በየካቲት ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች እህልና ድርቆሽ ጭነው ሲጎርፉ የነበሩት መኪናዎች እየሳሱ ሄዱ። ዝናብ ዘንቧልና አለቀ፣ ተባለ።

ቆላ ያለው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ያ ዝናብ ሲመጣ በጎርፍ መጣ። ከድርቁ የተረፉት ጥቂት ከብቶች አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀርተዋቸው ስለነበር ብርዱንና ጭቃውን አልቻሉትም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በጀርባዋ ሣር ተሸክማ፣ ከልጆቿ አፍ እየነጠቀች በቆሎ እያበላች አንዲት ላም ያተረፈች እናት፣ ላሟ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ወድቃ አድራ ስታገኛት አስቡት። ይህን የነገሩኝ አንዲት ሴት ብቻ አይደሉም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሩትን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ኑኃሚን ራብ ካሰደዳት አገር ባዶ እጇን ወደ ቤተልሔም ስትመለስ ጊዜው የገብስ አጨዳ ነበር። ይህን ሁልጊዜ እንደ መልካም ዜና ብቻ አነበው ነበር። ከዱብሉቅ በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። አጨዳው አለ፣ ግን የኑኃሚን አይደለም። ዝናቡ ለአገሩ ተመልሷል፣ ለእርሷ ግን አልተመለሰም፤ ምራቷ በሰው ማሳ ላይ ከአጫጆች ኋላ መልቀም ነበረባት።

እስቲ አብረን እናስላ። በሰኔ 2015 ሣሩ በቅሎ አንዲት የተረፈች ላም ብትከብድ፣ ዘጠኝ ወር ጠብቃ በመጋቢት 2016 ትወልዳለች። ጥጃዋ ሴት ከሆነችና ካደገች የራሷን የመጀመሪያ ጥጃ ለመውለድ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ከዚያች ከአንዷ ላም ሁለተኛ የምትታለብ ላም ለማግኘት እስከ 2020 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ነው። ይህ ሁሉ በመካከል ሌላ ድርቅ ካልመጣ፣ በሽታ ካልገባ፣ ለልጅ ሕክምና ተብሎ ካልተሸጠች ነው። የ2017ቱ ሃገያ ደግሞ ሳስቶ ነው ያለፈው።

እርዳታውም ቢሆን የሚታመኑበት አልሆነም። በሰኔ 2015 የእርዳታ እህል ወዳልታሰበለት ቦታ እየሄደ ነው በሚል የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ። በስፋት እንደገና የተጀመረው ከአምስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። የሰረቀ ይጠየቅ፣ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልሰረቀችው እናት ናት ጦሟን ያደረችው። በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት ራሱ ተዘጋ።

አሁን የእኛን ስሕተት ልንገራችሁ፤ የሌላውን ብቻ ማውራት አይገባኝም። በ2015 ክረምት የእናቶች ኅብረታችን ሣጥኑ ውስጥ በቀረው ገንዘብ ፍየል ገዛ። ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ ሁለት ሁለት ፍየል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለች፣ መንታም ትወልዳለች፣ ቅጠል በልታ ታድራለች። ፍየሎቹን የገዛነው ግን እዚሁ ከደጋው ገበያ ነው፣ በዋጋ ስለሚሻል። በጸሎት አስረከብን፣ ፎቶ ተነሣን። ከአራት ወር በኋላ ልንጎበኝ ስንወርድ ከሃያ አራቱ ያገኘነው ሰባት ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ቆላውን ሳይለምዱ ሞተዋል። የቀሩት ተሽጠዋል።

ተናደድን። እኔ በተለይ ተናደድኩ። «እነዚህ ሰዎች እርዳታ ለምደዋል» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል፣ አልደብቃችሁም። ከተቀባዮቹ አንዷ እነዚያው የባለ ጪጮዋ እናት ነበሩ። የእርሳቸውም አንዷ ፍየል የለችም። ምን እንደሆነች ስጠይቃቸው ቁጣዬን ከፊቴ አንብበውታል መሰለኝ፣ በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፍየሏን የሰጣችሁኝ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ልጆቹ ምን ይበላሉ ብላችሁ አልጠየቃችሁም።»

ምን ልመልስ? የሰጠናቸው ፍየል ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ያለውን ወራት በምን እንዲሻገሩት ነበር? እህል ሳንሰጥ እንስሳ ሰጠን፤ ቀደም ሲል እህል ስንሰጥም እንስሳ አልሰጠንም። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው፣ የአገሩን ሰው ደግሞ አላማከርንም።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ግን ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን። ስለ «ቡሳ ጎኖፋ» ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ምናልባት ቃሉን ሰምታችሁት ይሆናል፤ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት የአደጋ ሥራ መሥሪያ ቤቱን በዚሁ ስም ሰይሞታል። በቦረና ዘንድ ግን ከመሥሪያ ቤት በፊት የነበረ የጎሳ ሥርዓት ነው። ሰው ከብቱ ሲያልቅበት ጎሳው ይሰበሰባል። እንዴት እንዳለቀበት ይጠየቃል። በድርቅ ነው? በዘረፋ ነው? ወይስ በስንፍና? ከዚያ ይህኛው አንዲት ጊደር፣ ያኛው አንዲት ላም እያሉ ያዋጡለታል። የተሰጠው ሰው በገንዘብ ባለ ዕዳ አይሆንም፤ ነገ ሌላው ሲወድቅ ግን እርሱም ከሰጪዎቹ ወገን ይቆማል። የሚመለስለት ላሟ ብቻ አይደለችም። ከብት የሌለው ቦረና በጉባኤ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ልጁን ለመዳር ይቸገራል፣ ሰላምታውም ያጥራል። ጎሳው ያችን አንዲት ጊደር ሲሰጠው ወደ ሰው መካከል መለሰው ማለት ነው።

የ2015ቱ ድርቅ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጎሳው ሁሉ አንድ ላይ ወደቀ። ትላንት ሃያ ላም ያዋጣ የነበረው ሰው ራሱ ከስንዴ ሰልፍ ላይ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መስጠት የሚችል ሰው ስንፈልግ አንድ ወር አለፈን» አሉን። ቢሆንም ሥርዓቱ አልሞተም፣ ቀጠነ እንጂ። ላም የነበረው ቀርቶ ፍየል ተዋጣ። ላም ያለው ደግሞ ላሟን ሳይሆን ወተቷን ብቻ ለአንድ ወቅት አዋሰ፤ ጎረቤቱ እያለባት ልጆቹን ያጠጣል፣ ጥጃው ግን የባለቤቱ ነው።

እኛም በዚሁ መንገድ ገባንበት። ፍየሉን ከዚያው ከቆላው ገበያ፣ ሽማግሌዎቹ መርጠው ገዙልን። ማን ይቀበል የሚለውን እነርሱ ወሰኑ፤ ከወሰኑላቸው ውስጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ በኅብረታችን ውስጥ ትንሽ ንግግር አስነሥቷል፤ ባለቤቴ አንድ እሑድ ከመድረክ ተናግሮበት ጸጥ አለ። ለእያንዳንዱ ቤት ደግሞ ለስድስት ወር በየወሩ በቆሎ ላክን። ስለዚህ የደረስነው ለአምስት ቤተሰብ ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለት ወደ አምስት መውረድ ለሪፖርት አያምርም።

በቆላው ሌላም ለውጥ እያየሁ ነው። አቅም ያለው ሰው ወደ ግመል እያዘነበለ ነው። የግመል እርግዝና ዓመት ያልፋል፣ ዋጋዋም ቀላል አይደለም፣ ግን ላም በምትነጥፍበት በጋ እርሷ ትታለባለች። የድሮ ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል፤ የቦረና ላም እስከ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዘሯ የተፈለገ ከብት ናትና። የከብት መድንም አለ። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በ2004 ዓ.ም. ቦረና ላይ የጀመረው ነው፤ ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ከላይ እያየ ሣሩ ሲጠፋ ይከፈላል። አንዲት እህት «ከሰማይ ሆኖ ሣርና ቁጥቋጦ እንዴት ይለያል?» ብላኝ አስቃኛለች። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አይደለም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ግጦሽ ማቃጠል ስለተከለከለ እሾሁ ሣሩን ውጦታል። ዛሬ ያንን እሾህ እየመነጠሩ ለጥጆች ሣር የሚያጥሩ መንደሮች አሉ፤ «ካሎ» ይሉታል። ላብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ ብዙውን የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው።

የወንዶቹ ነገር ያሳዝነኛል። ሴቷ እንጨት ለቅማ፣ ከሰል ሸጣ፣ ሻይ አፍልታ ቀኑን ታሳልፈዋለች። ወንዱ ግን ባዶ በረት ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ከሰጠነው ፍየል ይልቅ ከባለቤቴ ጋር ሆነው ምንም ሳይናገሩ የተቀመጡበትን ሰዓት የሚያነሡ አባቶች አሉ። ባለቤቴ በዚያን ቀን አልሰበከም፤ በረቱን አብሯቸው አየ።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ 2017 ዱብሉቅ ወርጄ ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ወደ እነዚያ እናት ቤት ሄድኩ፤ ከሸራው ወጥተዋል። አራት ፍየሎች አሏቸው፣ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው እንጂ የከብት ቁጥር አይጠየቅም፣ እርሱንም ተምሬአለሁ። አንዲት ከጎሳቸው የተሰጠች ቀይ ጊደርም አለች፣ ገና አልወለደችም። ጪጮው ከማገሩ ወርዶ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ስንጥቁን በአዲስ ቃጫ ሰፍተውታል፣ በጭስ አጥነውታል፤ ውስጡ ግን የፍየል ወተት ነው ያለው፣ እርሱም ለልጅ ልጆቻቸው ብቻ የሚበቃ። ሻይ ውስጥ ጠብ አድርገው ሰጡኝ።

ሰላምታ ስንለዋወጥ ከብቱ ላይ ስደርስ ዘለልኩት። ፈራሁ። እርሳቸው ግን ተራቸው ሲደርስ ልጆቼን ጠየቁ፣ ፓስተሩን ጠየቁ፣ ከዚያም «ከብቱስ ደህና ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ከብት የለኝም፣ ሁለት ዶሮ ናቸው ያሉኝ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እነርሱስ ነጋ ናቸው?»

«ነጋ» አልኳቸው። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ፤ ጠየቅኋቸው።